አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፤ የተያዘ መስመርን ሒሳብ የቀመረ ሰው



ባለፈው ዓመት በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው የሚታደስላቸው አባሎች ስም ዝርዝር ለሚመለከተው ክፍል ተልኮ ሲታይ ከመካከሉ ተቆርጦ ተገኘ። በፊደል ተራ እስከ በ ያሉት ስሞች በሙሉ አሉ፤ ከተ ጀምሮ ያሉት አንድም የሉም። ተስፋዬ፣ አልማዝ፣ ዘውዱ የሚባሉት ሁሉ ቀርተዋል። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለ ነበር በዚያ ሰሞን በመኝታ ቤቶቻችን እንቅልፍ አልነበረም። ዝርዝሩ በእጅ ተጽፎ በጊዜው ቢደርስም፣ ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀንም።

ጥፋቱ የእኛው ነበር። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ረዥም ሼል ስክሪፕት፣ ማለት መሣሪያው ተራ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ አስቀምጠን ነበር። ኔትወርኩ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ስክሪፕቱ በራሱ ይነሣና ከየቅርንጫፉ የአባሎችን መዝገብ ሰብስቦ፣ በፊደል ተራ አሰልፎ፣ በአንድ ፋይል ይጽፋል። ከመነሻው እስከ መጨረሻው 90 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኔትወርኩ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲቋረጥ ሳለ ይህ ሁሉ መልካም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን በሕንጻው የኤሌክትሪክ ጥገና ስለ ተጀመረ መስመሩ በየደቂቃው ይሄድ ይመጣ ጀመር። ፊተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይነሣል፤ ሁለቱም በአንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ከመካከላችን የቴሌኮሙኒኬሽን ትምህርት የሚከታተል አንድ ጓደኛችን ነገሩን ሰምቶ ከሳቀ በኋላ፣ የዚህ ችግር ሒሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ መሆኑን ነገረን። የሠራውም ኮምፒዩተር ያላየ፣ በኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ተቀጥሮ ይኖር የነበረ አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ያገኘነውን በዚህ ዕትም እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ አገር፣ በዩትላንድ ምድር፣ በታርም ከተማ አጠገብ ባለችው ሎንቦርግ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ሐንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ ተማሪ ቤት መምህርና የደብሩ አገልጋይ ነበሩ። እናቱ ማግዳሌነ ክራሩፕ ደግሞ ከካህናት ቤተ ሰብ የተወለዱ ነበሩ። ፍሬዴሪክ የሚባል ታላቅ ወንድምና ሁለት እኅቶች ነበሩት።

ከልጅነቱ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ማታ ማታ ታላቅ ወንድሙ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ ሲያነብ፣ አግነር ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ በተገለበጠ ፊደል አብሮ ያነብ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች ይህን የሚያወሩት በመደነቅ ነው። እኛ ግን አያቶቻችን አንዱን ዳዊት ለአራትና ለአምስት ከብበው፣ አንዳንዱ በጎን፣ አንዳንዱ በግልባጭ እያነበቡ ማደጋቸውን ሲያወሩ ስለ ሰማን ብዙም አልገረመንም። መጽሐፍ በጠፋበት ቤት ዓይን በየት በኩልም ቢሆን ማንበብ ይለምዳል። ሕፃኑ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የከዋክብትን ነገር ነበር፤ ስለ ሰማይ አካላትም ግጥም ይጽፍ እንደ ነበር ይነገራል።

በ14 ዓመቱ ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ በዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን የመጀመሪያ ደረጃ መፈተኛ ወሰደ። ዕድሜው ስላልደረሰ ለመቀመጥ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር፤ በከፍተኛ ማዕርግም አለፈ። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ በአባቱ ተማሪ ቤት ሁለት ዓመት ረዳት አስተማሪ ሆነ። በ1896 የዩኒቨርሲቲውን መግቢያ ፈተና እንደ ገና በማዕርግ አልፎ ገባ። ቤተ ሰቡ የሚከፍሉለት ገንዘብ ስላልነበራቸው በነፃ ትምህርት ዕድል፣ ሬገንሰን በሚባለው አሮጌ የተማሪዎች መኖሪያ ያለ ክፍያ ተቀመጠ። የነፃ ትምህርት ዕድል ኑሮ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1901 በሒሳብ ተመረቀ፤ ከሒሳቡ ጋር የከዋክብት ጥናት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪም ተምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ተማሪ ቤቶች እየተዘዋወረ ሰባት ዓመት አስተማረ። ሙያውን ይወደው ነበር ይባላል። በትርፍ ጊዜው ግን ሒሳቡን አልተወም፤ ዩኒቨርሲቲው ላቀረበው የሽልማት ጥያቄ በ1904 በሰጠው መልስ ምስጋና አግኝቷል። የዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር ስብሰባዎችንም ይከታተል ነበር።

የሕይወቱ መንገድ የተለወጠው በዚሁ ማኅበር ነው። ከአባሎቹ አንዱ ዮሃን ዬንሰን፣ ዛሬም በሒሳብ ተማሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው፣ በእንጀራው የኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። ዬንሰን ይህን ዝምተኛ አስተማሪ ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከፍሪትስ ዮሃንሰን ጋር አስተዋወቀው። ዮሃንሰን በበኩሉ በቴሌፎን ሥራ ላይ የይሆናልነት ሒሳብን፣ ማለት ፕሮባቢሊቲን፣ ማዋል እንደሚቻል አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር። ኤርላንግ በ1908 ተቀጠረ፤ ዕድሜው 30 ነበር።

የቤተ ሙከራ ኃላፊ ተባለ እንጂ መጀመሪያ ላይ የሚያዝዘው ረዳት እንኳ አልነበረውም። ከቴሌፎን ኬብሎች ጋር የተያያዘውን የኤሌክትሪክ ልኬት ራሱ እየዞረ ያካሂድ ነበር። የከተማው ሰው በኮፐንሃገን ጎዳና ላይ መሰላል የተሸከመ አንድ ወዛደር አስከትሎ ሲሄድ ያየው ነበር፤ በመሰላሉም ወደ መሬት ውስጥ የኬብል ጉድጓዶች ይወርዳል። ከጉድጓድ ወጥቶ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ስለ ይሆናልነት ያሰላል። ስለ ልኬት መሣሪያዎችም የሠራው አለ፤ እኛን የሚመለከተው ግን የሒሳቡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ መንደር መቶ ሰው ቴሌፎን አለው እንበል፤ ወደ ውጭ የሚወጡት መስመሮች ግን ጥቂት ናቸው። ለመቶው ሰው መቶ መስመር ቢዘረጋ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል፤ ሁለት ብቻ ቢዘረጋ ደዋዩ ሁሉ መስመሩ ተይዟል እየተባለ ይመለሳል። ታዲያ ስንት ይበቃል? ከእርሱ በፊት ይህ በግምትና በልምድ የሚወሰን ጉዳይ ነበር። ኤርላንግ በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ጥሪዎች እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፣ በዘፈቀደ የሚመጡ ከሆነ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚደርሱት ጥሪዎች ብዛት ፈረንሳዊው ፑዋሶን ያወጣውን ሕግ እንደሚከተል አሳየ። በ1917 ደግሞ ስሙን ያስጠሩትን ቀመሮች አወጣ። አንደኛው መስመር ሲሞላ ጥሪው የሚመለስ ከሆነ ከመቶ ስንቱ እንደሚመለስ ይናገራል፤ ሌላው ጥሪው ተሰልፎ የሚጠብቅ ከሆነ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ይናገራል።

የሒሳቡ ሥር ቀላል ነው። ጥሪ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመጣና አንዱ ጥሪ መስመሩን ምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ታውቆ ሁለቱ ይባዛሉ። በሰዓት 60 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ሸክሙ 3 ነው፤ ይህም ማለት ሁሉም ቢስተናገዱ በአማካይ ሦስት መስመር ዘወትር ተይዞ ይኖራል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጀማሪው እንግዲያው ሦስት መስመር ይበቃል ይላል። አይበቃም፤ ጥሪ ተራ ጠብቆ አይመጣምና። ለዚህ ሸክም ስድስት መስመር ቢዘረጋ እንኳ በኤርላንግ ቀመር ከመቶ ጥሪ አምስት ያህሉ ይመለሳሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ቀጥሎ ያለው ነው። ልክ እንደዚች ያለች ሁለተኛ መንደር አለች እንበል፤ እርሷም ስድስት መስመር አላት። የሁለቱ መንደሮች መስመሮች ተደባልቀው 12 መስመር በጋራ ቢገለገሉባቸው፣ አንድ ክር ሽቦ እንኳ ሳይጨመር የሚመለሰው ጥሪ ከመቶ ወደ አንድ ገደማ ይወርዳል። አንዷ ስትጨናነቅ ሌላዋ እፎይ የምትልበት ጊዜ ስላለ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ወደ አገር ቤት ስንደውል ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ሁላችንም የምንደውለው በአንድ ምክንያት በአንድ ሰዓት ስለ ሆነ በዘፈቀደ የሚለው መሠረቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት በኤርላንግ ማመካኘት አይቻልም።

ኤርላንግ አጫጭር ጽሑፍ ይጽፍ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ማስረጃውን ዝርዝር ሳያስቀምጥ ያልፋል። ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው ያስቸግራል። በዚህ ረገድ እንደ ቀድሞ መምህርነቱ አልሆነም ብንል ደፍረን አይሆንም። የሆነ ሆኖ ቀመሩ ከዴንማርክ ወጥቶ በሌሎች አገሮች የቴሌፎን መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት አገኘ፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነበር። በአሜሪካ አንድ የቴሌፎን ተመራማሪ ጽሑፎቹን በመጀመሪያው ቋንቋ ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ እንደ ተማረም ይነገራል።

ሚስት አላገባም። ሌሊቱን ሲሠራ የሚያመሸው ብዙ ጊዜ ነበር። ቤቱን በሒሳብ፣ በከዋክብትና በፊዚክስ መጻሕፍት ሞልቶት ነበር፤ ታሪክ፣ ፍልስፍናና ግጥምም ያነብ ነበር። የተቸገሩ ሰዎች ወደ ሥራ ቦታው እየመጡ ደጅ ይጠኑት ነበር፤ እርሱም ሌላው ሰው ሳያይበት ይሰጣቸዋል። በኩባንያው 20 ዓመት ያህል ሲሠራ በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ይባላል። በጃንዋሪ 1929 ለሆድ ዕቃ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ገባ፤ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 እሑድ ዕለት ሞተ። ዕድሜው 51 ነበር።

በ1946 የቴሌፎን ሥራ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የቴሌፎን ሸክም መለኪያ በስሙ ኤርላንግ ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። አሁን ከላይ ሸክሙ 3 ነው ያልነውን መሐንዲሶች 3 ኤርላንግ ይሉታል። በ1948 የሕይወት ታሪኩና ሥራዎቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው በኮፐንሃገን ታተሙ። ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ መሐንዲሶችም በ1980ዎቹ ለቴሌፎን ማዞሪያዎች የፈጠሩትን የኮምፒዩተር ቋንቋ ኤርላንግ አሉት፤ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሲነሡ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ ቋንቋ ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤታችን እንመለስ። የእኛ ስክሪፕት 90 ሰከንድ ይሠራል፣ የኔትወርኩ ለውጥ በየ60 ሰከንዱ ይመጣል፤ ስለዚህ ሸክሙ 1.5 ኤርላንግ ነበር። በማንኛውም ጊዜ በአማካይ አንድ ተኩል ስክሪፕት በዚያች አንዲት ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ተራ ጠብቀው ይሠለፉ ብንልም አያዋጣም፤ ሸክሙ ከአንድ በላይ ሲሆን ሰልፉ እያደገ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። እንደ ቴሌፎኑ መስመር እንጨምር እንዳንልም ፋይሏ አንዲት ናት።

ጓደኛችን ግን አንድ ልዩነት አሳየን። የኤርላንግ ደዋዮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ አንዱ ቢመለስ ጉዳዩ ይቀራል። የእኛ ጥሪዎች ግን ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ኔትወርኩ ተመልሷልና መዝገቡን ሰብስብ። አሥር ጊዜ ቢጠራም ከመጨረሻው ጥሪ በኋላ አንድ ጊዜ በሙሉ ከተሠራ ይበቃል። ስለዚህ ስክሪፕቱን በሁለት ከፈልነው። ኔትወርኩ ሲለወጥ የሚነሣው አጭሩ ክፍል ምልክት አስቀምጦ፣ ረዥሙን ሥራ ራሱን ችሎ ለሚቆም ሌላ አገልግሎት አስረክቦ ወዲያው ይወጣል። ይህ በሊኑክስ ለሚሠሩ ሁሉ ይጠቅማል፤ ኔትወርኩን የሚጠብቀው ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ስክሪፕቶች በተለምዶ አንድ በአንድ እያስኬደ፣ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ የቆየውን ይገድለዋልና። ረዥሙ ክፍል ደግሞ ሲጀምር በሩን ቆልፎ ምልክቱን ያነሣል፤ ሌላ ቅጂ ቢመጣ ተቆልፎ አይቶ ይመለሳል። ሲጨርስም ምልክቱ እንደ ገና ተቀምጦ እንደ ሆነ ያያል፤ ካለ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሠራል። ዝርዝሩንም በቀጥታ በዋናው ፋይል ላይ አይጽፍም፤ በሌላ ስም ጽፎ ሲጨርስ ስሙን ይለውጠዋል።

የሕንጻው ጥገና ዘንድሮም አላለቀም፤ መስመሩም ይሄዳል ይመጣል። የአባሎች ስም ዝርዝር ባለፈው ወር ከሀ እስከ ፐ ሙሉ ሆኖ ተልኳል።