የማይሞተው የጫጩት ልብ፤ የዶክተር አሌክሲስ ካሬል ሕይወትና ሥራ

በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ሁለት ሙያዎች ጎን ለጎን ሲኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንደኛው የአየር ኃይል ሙያ ነው፤ ሁለተኛው በብሔራዊው የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የሚካሄደው የክትባት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ከሞተርና ከግፊት መለኪያ ጋር ሲውል፣ ሁለተኛው ከብርጭቆና ከሙቀት ሣጥን ጋር ይውላል፤ በዚያም ብርጭቆ ውስጥ ከእንስሳ አካል ተወስደው ለብቻቸው የሚራቡ ሕያው ሕዋሳት አሉ። የአንዱ ሙያ ባለቤት የሌላውን ጉዳይ እምብዛም አያነብም። ይሁን እንጂ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ አውሮፕላን አብራሪና ሕዋስ አርቢ ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ መሣሪያ የሠሩበት ጊዜ ነበር። የሐኪሙ ስም አሌክሲስ ካሬል ይባላል። ለመሐንዲሶች መጽሔት የአንድ ሐኪም ሕይወት የተመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ካሬል ሰኔ 28 ቀን 1873 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ ልጁ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ሊዮን የሐር ከተማ ናት፤ ሽመናና ጥልፍ እንጀራዋ ነው። ይህ ነገር በኋላ ለሕክምና ጥቅም ይሰጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ካሬል የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮንን ሲጎበኝ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። (ሟቹ ራሱ በትምህርቱ መሐንዲስ ነበር፤ የሙቀት ሞተርን ሕግ ያስተማረን የሌላው ሳዲ ካርኖ የወንድም ልጅ መሆኑን ባልደረቦቼ ሲሰሙ ሳይገረሙ አይቀሩም።) ጩቤው የቆረጠው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን ደም መልስ ሥር ነበር። የዘመኑ ቀዳጅ ሐኪሞች ሆድ ከፍተው ማየት ይችሉ ነበር እንጂ የተቆረጠ ትልቅ የደም ሥር መልሶ መስፋት አይችሉም ነበርና ፕሬዚዳንቱ ደሙ ፈስሶ አለቀ። ወጣቱ ካሬል ይህን እንደ ዕጣ ፈንታ አልተቀበለውም። በእሱ ዐይን ጉዳዩ የስፌት ችግር ነበር። ስለዚህ ወደ አንዲት የሊዮን ጥልፍ ጠላፊ ዘንድ ሄዶ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መሥራትን ተማረ።

በ1902 ያሳተመው ዘዴ ለመሐንዲስ ዐይን እጅግ የሚያምር ነው። የተቆረጠ የደም ሥር አፉ ክብ ነው፤ ክብን በመርፌ ዙሪያውን መስፋት አስቸጋሪ ነው፤ ክሩ ሲሳብ አፉ ይጠባል። ካሬል በክቡ ዙሪያ በእኩል ርቀት ሦስት ክሮች አስሮ ወደ ውጭ በመሳብ ክቡን ሦስት ማዕዘን አደረገው። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሦስት ቀጥተኛ መስመር ነው፤ ቀጥተኛ መስመርን የማይሰፋ ጠላፊ የለም። ክሩና መርፌው ደም እንዳያረጉ በቅባት ይነከሩ ነበር። ዛሬ ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው የሚዛወረው በዚህ መንገድ ላይ በተገነባ ጥበብ ነው። በአገራችንም በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ፣ ከሥራው ዋና ክፍል አንዱ የደም ሥርን ከደም ሥር ጋር መስፋት ነበር።

በአገሩ ግን ካሬል አልቀናውም። በዚያው በ1902 ሉርድ ወደተባለው የጸሎት ስፍራ ከበሽተኞች ጋር ሄዶ አንዲት በጠና የታመመች ሴት ስትድን ማየቱን በመመስከሩ የሊዮን ሐኪሞች ፊት ነሡት፤ የሆስፒታል ሹመትም ሳያገኝ ቀረ። በ1904 ወደ ካናዳ ተሻገረ። ከብት አርቢ ለመሆን አስቦ ነበር ይባላል። ከዚያ ወደ ቺካጎ አልፎ ከቻርልስ ጋትሪ ጋር የውሾችን ኩላሊትና እግር ሳይቀር እየቆረጠ መልሶ ሲሰፋ ከቆየ በኋላ፣ በ1906 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ገባ። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከሌላ እንስሳ የተወሰደ አካል ስፌቱ ፍጹም ሆኖ ሳለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚበላሽ፣ ከራሱ ከእንስሳው የተወሰደው ግን እንደሚኖር ያስተዋለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ካሬል በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ግን በስፌቱ አልነበረም። በ1907 ሮስ ሃሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የእንቁራሪት ሽል ነርቭ ከአካሉ ውጭ በመስታወት ላይ ሲያድግ አሳይቶ ነበር። ካሬል ረዳቱን ሞንትሮዝ በሮውስን ዘዴውን እንዲማር ልኮ፣ ሙቀት ባለው ደም እንስሳ ላይ ሞከረው። ጥር 17 ቀን 1912 ከጫጩት ሽል ልብ ላይ ጥቂት ቆርጦ በረጋ የደም ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጠ። ምግቡ ከጫጩት ሽል ተጨምቆ የሚወጣ ፈሳሽ ነበር። ሕዋሳቱ ተራቡ፤ በየጊዜው ለሁለት እየተከፈሉ ወደ አዲስ ብርጭቆ ተዛወሩ። ዓመት አለፈ፤ አሥር ዓመት አለፈ፤ ሃያ ዓመት አለፈ። የኒው ዮርክ ጋዜጦች ልደቱን በየዓመቱ ያከብሩለት ጀመር። ሕዝቡ በብርጭቆ ውስጥ የሚመታ ልብ ያለ መስሎት ነበር፤ በእውነቱ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ የቀሩት የማይመቱ አያያዥ ሕዋሳት ነበሩ። ከዚህም ካሬል ታላቅ መደምደሚያ አወጣ፤ ሕዋስ በባሕርዩ የማይሞት ነው፤ የሚሞተው አካል ነው አለ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ፣ ከኬሚስቱ ከሄንሪ ዴኪን ጋር የቆሰለ ወታደርን ቁስል በክሎሪን ውሕድ የማጠብ ዘዴ አወጣ፤ ብዙ እግርና እጅ ከመቆረጥ ተረፈበት።

አሁን ወደ አብራሪው እንምጣ። ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ፓሪስ ያለ ማረፍ ብቻውን የበረረው ነው። የሚስቱ ታላቅ እኅት የልብ ቫልቭ በሽታ ነበረባት፤ ልቧን አቁሞ መጠገን ለምን አይቻልም ብሎ ሐኪሞችን ቢጠይቅ አጥጋቢ መልስ አላገኘም። ሞተር ሲጠገን ነዳጁ በሌላ መንገድ ሊሰጥ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የሚያስገርም አልነበረም። በ1930 ከካሬል ጋር ተገናኙ። የካሬል ችግር ይህ ነበር፤ ከአካል የወጣን ሙሉ ብልት በሕይወት ለማቆየት ምግብ ያለው ፈሳሽ እንደ ልብ ትርታ እየተገፋ በደም ሥሩ ማለፍ አለበት፤ የሠሯቸው መግፊያዎች ሁሉ ግን በመጋጠሚያቸው በኩል ተሕዋስያን እያስገቡ ብልቱን ያበሰብሱ ነበር። ሊንድበርግ ችግሩን የፈታው መጋጠሚያውን በማጥበቅ ሳይሆን በማስቀረት ነው። መሣሪያው በሙሉ ከብርጭቆ የተነፋ ነበር፤ ፈሳሹን የሚገፋው በጥጥ ውስጥ ተጣርቶ የሚገባ የጋዝ ግፊት ከፍና ዝቅ እያለ ነው፤ ፈሳሹ በብልቱ ካለፈ በኋላ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይመለሳል። በ1935 የድመት እንቅርት ዕጢ በዚህ መሣሪያ ውስጥ 18 ቀን ኖረ። ልብና ሳንባን ተክቶ የሚሠራው መሣሪያ በሰው ላይ የተሳካው ገና በ1953፣ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሆኖም የሊንድበርግ ብርጭቆ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለ ካሬል ሥራ ጽፎ ስለ ካሬል አስተሳሰብ ዝም ማለት ግን ተገቢ አይሆንም። በዚያው በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ዘር በምርጫ እንዲሻሻል፣ አደገኛ ወንጀለኞችና አንዳንድ የአእምሮ ሕሙማንም በጋዝ እንዲወገዱ ሐሳብ አቀረበ። የሕዋስን ሕይወት በጠብታ እየመገበ ሃያ ዓመት የጠበቀ እጅ ይህን መጻፉ ለኔ እስከ ዛሬ የማይገጥም ነገር ነው። ጀርመን ፈረንሳይን ከያዘች በኋላም በ1941 የቪሺ መንግሥት ያቋቋመለትን ተቋም መራ። ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ከሹመቱ ተነሥቶ፣ ክሱ ሳይታይ ኅዳር 5 ቀን 1944 በልብ በሽታ ሞተ። በሊዮን በስሙ ይጠራ የነበረው የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ስሙ ተለወጠ።

የጫጩቱ ሕዋስ ከጌታው ሁለት ዓመት በልጦ ኖረ። ለብዙ ዓመት ሲጠብቀው የነበረው አልበርት ኤብሊንግ በ1946 ሥራውን አቆመ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ካሬልን በሕዋስ ጉዳይ እንደ ነቢይ እንቆጥረው ነበር። በ1961 ግን ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በፊላደልፊያ የሰው ሕዋስ በብርጭቆ ውስጥ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ እንደሚያቆም አሳዩ። 50 ጊዜ ጥቂት እንዳይመስል፤ አንዱ ሕዋስ የግራም ቢሊዮንኛ ክብደት አለው ብንልና ምንም ባይጣል፣ ከአንድ ሕዋስ የሚወጣው ከአንድ ቶን ይበልጣል። ቢሆንም ወሰን አለው። የዶሮ ሕዋስማ ወሰኑ ከሰው ሕዋስ ያንሳል። ታዲያ የካሬል ሕዋስ 34 ዓመት እንዴት ኖረ? ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ለምግብ በሚጨመረው የሽል ጭማቂ ውስጥ አዳዲስ ሕያው ሕዋሳት አብረው ይገቡ ነበር የሚለው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕዋስ ቀድሞ ሞቷል ማለት ነው፤ ጋዜጦቹ ልደት ያከበሩለት በየጊዜው የሚጨመረውን እንግዳ ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ ስሕተቱ ሳይሆን ዕድሜው ነው። በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ሕዋሳቸው ሲሞትባቸው አይተዋል፤ ግን የካሬል አይሞትምና ጥፋቱ የኛ ነው፣ ምግቡን አበላሽተናል፣ ንጽሕና ጎድሎናል ብለው ዝም አሉ። የካሬል ቤተ ሙከራ ሠራተኞች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰው የሚሠሩበት፣ ዘዴው እጅግ የረቀቀ ነው የሚባልበት ስፍራ ነበርና ማንም ራሱን ከዚያ ጋር ማስተካከል አልደፈረም። ወደ ውስጥ የሚገባውን ሳይቆጥር የሚወጣውን ብቻ የሚለካ መሐንዲስ ከዚህ የተለየ ውጤት አያገኝም።

በርግጥ የማይቆሙ ሕዋሳት አሉ። የካንሰር ሕዋስ አያቆምም፤ በ1951 ከሄንሪታ ላክስ የተወሰደው ዛሬም ይራባል። ግንድ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለውም አለ፤ የሰው ሽል ግንድ ሕዋስ በ1998 በቤተ ሙከራ ተረባ፤ በ2006 ደግሞ ሺንያ ያማናካ ያደገን የአይጥ ቆዳ ሕዋስ ወደ ግንድነት መለሰ። ዛሬ ቆዳና ሌላ ኅብረ ሕዋስ በብርጭቆ ለማሳደግ የሚደረገው ጥረት በነዚህ ላይ የቆመ ነው። የትኛው ሕዋስ ይቆማል፣ የትኛው አይቆምም የሚለው ጥያቄ በትክክል የተነሣው ግን የጫጩቱ ልብ ተረት ከፈረሰ በኋላ ነው።

ይህ ጉዳይ ከቢሾፍቱ የራቀ አይደለም። በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከ1888 እስከ 1892፣ ደስታ የተባለው በሽታ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ገበሬውን ያለ በሬ አስቀርቶት ነበር። በ1964 በፈረንሳይ መንግሥት ትብብር ኢንስቲትዩቱ ቢሾፍቱ ላይ ሲቋቋም ከፊቱ ከነበሩት ጠላቶች ዋነኛው ይኸው ደስታ ነበር። መድኃኒቱ የመጣው ከኬንያ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በሙጉጋ፣ የበሽታውን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ውስጥ 90 ያህል ጊዜ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ አሳልፎ፣ የማይገድል ግን የሚያስተምር አደረገው። እያንዳንዱ ማሳለፍ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ከተወሰነው ቁጥር ያለፈ ዘር ለክትባት አይውልም። በኢትዮጵያ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ሲሆን፣ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የቀረውን ቫይረስና ክትባት እንዲይዙ በዓለም ከተፈቀደላቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።