ሳንቲማችንን አጥንቶ እኛን የናቀው ሰውዬ

ሰሞኑን ከ18 ማዞሪያ ወደ መርካቶ በታክሲ እየሄድኩ ስልኬ ላይ የጦፈ ክርክር አየሁ። ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ የእውነት ነበረ ወይስ የፈረንጅ ፈጠራ ነው? ማታ ኮልፌ ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ክርክሩን ወደ ኋላ ስከተለው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጋ አደረሰኝ።

ሰውዬው በ1872 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሳሌርኖ ተወለደ። ሮም የተማረው ሕግ ነው፤ ግዕዝን ከኢግናሲዮ ጉይዲ ቀሰመ። በ1899፣ ጣሊያን አድዋ ላይ በተሸነፈች በሦስተኛው ዓመት፣ የሲቪል ጉዳዮች ዳይሬክተር ሆኖ ኤርትራ ገባ። ያኔ ልክ እንደኔ ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። እስከ 1903 ቅኝ ግዛቱን እያስተዳደረ በጎን የብራና መጻሕፍት፣ ተረትና ባህላዊ ሕግ ያጠና ነበር። ሮም ሲመለስም እንጀራው የግምጃ ቤት ሚኒስቴር ነው። ታሪክ የትርፍ ሰዓት ፍቅሩ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1920 ሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያው ዓመት ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራከረ። ኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክላውድ ሰምነር መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ሞገቱ። ታክሲ ውስጥ ያየሁት ጭቅጭቅ የዚያ ቅጥያ ነው።

እኔን ኢኮኖሚክስ የተማርኩትን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1927 ሰውዬው ስለ አክሱም ሳንቲሞች ጥናት አሳተመ። እስቲ አስቡት፤ አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ትቀርጽ ነበር። ወርቁ ላይ ለውጭ ነጋዴ የሚሆን የግሪክ ጽሑፍ፣ ከንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ አለ። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃዋ በመስቀል ተተካች። ሳንቲም ዝም ብሎ ብረት አይደለም። ማዕድን፣ ሚዛን፣ አንጥረኛ፣ ግብር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እምነት የሚጣልበት መንግሥት ይፈልጋል።

ይሄን በእጁ የያዘው ሰው፣ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 ምን ጻፈ? ኢትዮጵያ በራሷ መሠልጠን የማትችል አገር ናት አለ! ሁለቱን እንዴት አስታረቃቸው? የአክሱምን ሥልጣኔ ምንጭ ከደቡብ ዓረቢያ ተሻግረው ለመጡ ሰፋሪዎች ሰጥቶ ነበር። ማስረጃው የኛ፣ ምስጋናው የሌላ ሆነ። ዛሬ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ለአገር በቀሉ ሥር ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ።

ኮንቲ ሮሲኒ በ1949 ሮም ውስጥ ሞተ። የሰበሰባቸው ብራናዎች እዚያው ሮም፣ ሊንቼይ አካዳሚ ናቸው። ስለ ራሳችን ለማወቅ ዛሬም የሱን ደጅ እንጠናለን፤ ይሄ ያናድደኛል። ግን ተናድጄ መጽሐፉን ብዘጋው ማን ይጎዳል? እኔው ነኝ። ስለዚህ አነበዋለሁ፤ የቆጠረውን ከፈረደው እየለየሁ። ሳንቲሞቹን በትክክል አይቷቸዋል። የሠሯቸውን ሰዎች ነው ያላየው።