ጊታር የማይመታው የጊታረኞች ባለውለታ

ሊዮ ፌንደር በ1909 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ከብርቱካን አምራቾች ቤት ተወለደ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን አጣ፤ ጊታር መምታትም ሳይማር ሞተ። የሒሳብ ሥራውን ሲያጣ በ1938 ፉለርተን ላይ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕሊፋየር እየያዙ ይመጡበት ስለ ነበር ምን ምኑ እንደሚበላሽ በሚገባ አወቀ።

የራሱን መሥራት ሲጀምርም ለጠጋኙ አሰበ። አምፑል መሳዮቹ ቫልቮች ከጀርባ በኩል በእጅ ይነቀላሉ፤ የትኛው የት እንደሚገባ የሚነግር ወረቀትም ሣጥኑ ውስጥ ተለጥፏል።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እኛ የመቱ ልጆች ግን መንገዱን እናውቀዋለን። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገጫገጭ የመጣ ቫልቭ መድረክ ላይ ድንገት ቢጠፋ፣ የጎሬና የበደሌ ሱቅ አያድንም፤ ሕዝቡም አይታገሥም። በጨርቅ የተጠቀለለ መለዋወጫ ቫልቭና ፊውዝ የያዘ ባንድ ግን አጥፍቶ፣ ጥቂት አብርዶ፣ ለውጦ ይቀጥላል። የብረት ሆዱን ግን አይክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ኤሌክትሪክ ያቆያል።

ፌንደር ጤናው ስለ ታወከ ፋብሪካውን በ1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በኋላ ግን ዳነና ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ በ1991 እስኪሞት ድረስም ከዚያ አልተነሣም።