ባለቤቶቹ ታረቁ፣ አምፖሎቹ ግን እስካሁን አልተስማሙም

አምፖልን ማን ፈለሰፈው ብትባሉ አብዛኞቻችሁ ቶማስ ኤዲሰን ትላላችሁ። አልተሳሳታችሁም፤ ግን የመለሳችሁት ግማሹን ነው። ቀሪው ግማሽ የእንግሊዛዊው ጆሴፍ ስዋን ነው።

ስዋን እ.ኤ.አ. በ1828 ሰንደርላንድ ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ መድኃኒት ቤት ሙያ ተማረ፤ በኋላም ኒውካስል ውስጥ የአንድ የኬሚካል ንግድ ቤት ሸሪክ ሆነ። ወጣት ሳለ ወረቀት አክስሎ፣ መስታወት ውስጥ ከትቶ በኤሌክትሪክ ለማብራት ይታገል ጀመር። ያስቸገረው አየሩ ነበር። ውስጡ አየር ከቀረ ክሩ ወዲያው ተቃጥሎ ያልቃል፤ የዘመኑ ፓምፕ ደግሞ አሟጦ አያወጣውም። እናም ነገሩን ለዓመታት ተወው።

የተሻለ ፓምፕ ሲመጣ በ1870ዎቹ ተመለሰበት። በ1879 መጀመሪያ ኒውካስል ላይ አምፖሉን ለሕዝብ አሳየ። ኤዲሰን አሜሪካ ውስጥ የተሳካለት በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በ1881 የለንደኑ ሳቮይ ቲያትር 1,200 ገደማ በሚሆኑ የስዋን አምፖሎች ደመቀ። በ1883 ደግሞ ሁለቱ እንግሊዝ ያሉ ኩባንያዎቻቸውን አዋሃዱ፤ ስሙም ኤዲስዋን ተባለ። ጠቡ በዚህ አለቀ።

መያዣው ላይ ግን አልተስማሙም። የስዋን የመጀመሪያ አምፖል ታቹ ላይ ሁለት የፕላቲኒየም ሽቦ ቀለበቶች ብቻ ነበሩት፤ መንጠቆ ላይ ይንጠለጠልና ስፕሪንግ ወጥሮ ይይዘዋል። ኤዲሰን እንደ ብሎን የሚጠመዘዘውን መረጠ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ተጭነው ትንሽ ሲያዞሩት የሚቆለፈው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጆሮ ያለው ተለመደ። ዛሬ ካርቶኑ ላይ ኢ27 እና ቢ22 ተብለው የምታዩዋቸው እነዚህ ናቸው፤ ቁጥሩ ስፋቱ በሚሊሜትር ነው።

ታዲያ ገዝታችሁት የመጣችሁት አምፖል አልገባ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ጆሮውን በፒንሳ መቁረጥ፣ መሞረድ፣ ሽቦ ጠቅልሎ መወተፍ... ይበራ ይሆናል። ግን በደንብ ያልገጠመ ነገር ይፈነጥቃል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ፒን ትንንሽ ስፖት ላይቶች ላይማ ልዩነቱ የባሰ ነው፦ ቀጫጭን ፒን ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ቮልት የተሠራ ነው፤ ጫፉ ወፈር ያለው ጂዩ10 ግን በቀጥታ ከቤት መስመር ይሠራል። ፒኑን አጣሞ ማስገባት ማለት 12 ቮልቱን 220 ላይ መጣድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር አዳፕተር አለ። ካልሆነ ብሬከሩን አጥፍታችሁ መያዣውን ራሱን አስቀይሩ። የሚጠመዘዘው ላይ ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ መሃል ታች ካለው ምላስ ጋር መገናኘቱን አረጋግጡ። ከተገላበጠ ጥርሱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚነካው ደግሞ እሱኑ ነው።

ስዋን በ1904 የሰርነት ማዕረግ አግኝቶ በ1914 በ85 ዓመቱ አረፈ። በቂ ፓምፕ ባጣ ጊዜ በግድ ላብራ አላለም፤ የሚሆነው መሣሪያ እስኪመጣ ጠበቀ። እናንተም ለአንድ አዳፕተር ሱቅ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ጠብቁ።