የሻምበል አበበ ቢቂላ የመጨረሻ ዓመታት፦ ሕብለ ሰረሰር፣ የነርቭ ሥሮችና ጡንቻዎች

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ድሉን ደገመ። ይህን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ለነርቭ ጥናት የሚጠቅመው ግን የሕይወቱ መጨረሻ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ እስኪነጋም ከውስጧ አልወጣም። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ሯጭ ጭኑን የሚያነሳው በላይኞቹ የወገብ ነርቭ ሥሮች፣ ጉልበቱን የሚዘረጋው በተለይ በ3ኛውና በ4ኛው ነው፤ መሬቱን በባቱ የሚገፋው ደግሞ ከእነዚህ ዝቅ ብሎ ከዳሌ አጥንት በሚወጣው 1ኛ ሥር ነው። እነዚህ ሥሮች ከተጎዳው አንገት እጅግ በታች ናቸው። የተቋረጠባቸው ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ለስምንት ወራት ታከመ። ይህ ማዕከል በሉድቪግ ጉትማን አመራር በ1936 ዓ.ም. የተከፈተና ስፖርትን የሕክምናው አካል ያደረገ ነው። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር ያልቻለው አበበ ቀስ በቀስ እጆቹን መልሶ ማንቀሳቀስ ቻለ። በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው እብጠት ሲቀንስ የተወሰነ ተግባር ይመለሳል፤ የነርቭ ሥሮችም ከሕብለ ሰረሰሩ ይልቅ የማገገም ዕድል አላቸው።

በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ትከሻን የሚያነሳው በዋናነት 5ኛው የአንገት ሥር፣ ክርንን የሚያጥፉት 5ኛውና 6ኛው፣ የሚዘረጋው 7ኛው፣ ጣትን የሚጨብጠው 8ኛው ነው። ቀስት ብቻውን ለጣት ማስረጃ አይሆንም፤ ጣቱ የደከመ ተወዳዳሪ በማሰሪያ ይታገዛልና። በተለምዶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ መባሉም የጉዳቱን ስፍራ ይሸፍናል።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት ዐረፈ፤ ሞቱም የአደጋው መዘዝ ነው ተብሏል። ከ6ኛው የደረት ነርቭ በላይ የሚደርስ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የደም ሥሮችን ቁጥጥር አውኮ የደም ግፊትን በድንገት ሊያንር ይችላል። ስለዚህ የሞቱ መንስኤ ሲመረመር ከአንገቱ ጉዳት ተነጥሎ መታየት የለበትም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።