ከቋራ እስከ ቁስቋም፦ ጎንደርን በድንጋይና በኖራ ያስጌጡት እቴጌ ምንትዋብ

ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግቢን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ የለም። ቁስቋምን ግን ስንቶቻችን አይተናል? ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኮረብታው ላይ፣ ዛፍ የከበበው ግቢ አለ። ጣሪያ የሌላቸው ረጃጅም ግድግዳዎች፣ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ያለው ማማ፣ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች። ይህን ሁሉ ያሠሩት አንዲት ሴት ናቸው። ዛሬ የእሳቸውን ታሪክ እናወጋችኋለን። (ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የተወለዱት ቋራ ነው፤ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። ምንትዋብ የሚለው ስም ከውበታቸው የመጣ ነው፤ ምን ያህል ውብ ናት እንደማለት። ከአፄ በካፋ ጋር እንዴት ተገናኙ ቢባል፣ ጎንደሬ ሁሉ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር መዞር ይወዱ ነበር አሉ። ቋራ ሲደርሱ ታመው ከአንድ ቤት አረፉ። ያስታመመቻቸው የቤቱ ልጅ ነበረች። ንጉሡ ሲድኑ አልረሷትም፤ ሰው ልከው አስመጥተው አገቧት ይባላል።

አፄ በካፋ በ1723 መባቻ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ታዲያ ማን ይግዛ? ምንትዋብ በልጃቸው ስም ሞግዚት ሆነው ብቻ አልተቀመጡም። ራሳቸው ዘውድ ጫኑ፤ የዙፋን ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ተባለ። በዚያ ዘመን ይህ ተራ ነገር አልነበረም። ብዙ መኳንንት አልወደዱትም፤ የቋራ ሰው ቤተ መንግሥቱን ሞላው ብለው አጉረመረሙ። በ1725 ዓመፅ ተነሣና ቤተ መንግሥቱ ተከበበ። እናትና ልጅ ከውጭ በደረሰላቸው ታማኝ ጦር ለጥቂት ተረፉ።

ከዚህ በኋላ እቴጌዋ ወደ ግንባታ ዞሩ። ጎንደር አፄ ፋሲል በ1628 ከመሠረቷት ጀምሮ እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ግንብ የሚጨምርባት ከተማ ነበረች። ማንም የቀደመውን አፍርሶ በቦታው አልሠራም፤ አጠገቡ ሠራ እንጂ። የአፄ ፋሲል ግንብ፣ የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ኢያሱ ግንብ፣ የአፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የአፄ በካፋ ግንብ ጎን ለጎን የቆሙት ለዚህ ነው። ምንትዋብም በግቢው ሰሜናዊ ክፍል ባለ ሁለት ፎቅ ግንባቸውን አቆሙ። የእሳቸው አሻራ የሚለየው በጌጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎንደር ግንብ ዋናው ድንጋይ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ጠንካራ ነው፤ ለጌጥ መቅረጽ ግን ያስቸግራል። ድንጋዩን የሚያያይዘው ኖራ ነው፤ ኖራ ለግንባታ የታወቀው ቀደም ብሎ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በእቴጌዋ ዘመን ግን ለስላሳው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ገባ። ለጠራቢ እጅ የሚታዘዝ ድንጋይ ነው። በሩና መስኮቱ ዙሪያ ቀይ ፍሬም፣ ግድግዳው ላይ መስቀል ሆነ። ጥቁሩ ላይ ቀዩ ሲያርፍ ከሩቅ ያበራል።

ትልቁ ሥራቸው ግን ቁስቋም ነው። ስሙን የወሰዱት በግብፅ ከሚገኘው፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ተራራ ነው። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠሩ፤ ከጎኑ የመኖሪያ ግንብ፣ የግብር አዳራሽና በማማ የተጠናከረ ቅጥር አስቆሙ። ለደብሩም ሰፊ ጉልት ሰጡ። ልብ በሉ፣ አቀማመጡ ራሱ ሐሳብ አለው። ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ግን ከላይ ሆኖ ከተማውን ያያል። ከበባን ያየ ሰው የሚመርጠው ቦታ ነው። በጣና ደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም የእሳቸው ነው። እዚያ በግድግዳው ሥዕል ላይ እቴጌዋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ውበት ግን በነፃ አልመጣም። ግንበኛው፣ ጠራቢው፣ አናጺው፣ ሠዓሊው ሁሉ ደመወዝና ቀለብ ይፈልጋል። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ሲሞቱ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር ተብሎ ይነገራል። ስለ እቴጌዋ ስንጽፍ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ግንቡ ሲያድግ የመንግሥቱ አቅም እየሳሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው መራራ ነው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። እናቱ የኦሮሞ ተወላጇ ውቢት ነበረች። በአያትና በእናት ወገኖች መካከል ፉክክሩ ከረረ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት እያሉ ሚዛኑን ይዘውት ነበር፤ እሳቸው ሲሞቱ ግን ገመዱ ተበጠሰ። ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሩን ሊያበርዱ መጥተው ጌታ ሆኑ። በ1761 ኢዮአስ ተገደለ። ዘመነ መሳፍንት የሚባለውም ከዚህ ይጀምራል።

እቴጌ ምንትዋብ ባልም፣ ልጅም፣ የልጅ ልጅም ቀብረው ቁስቋም ገቡ። በ1762 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እዚያው ቁስቋም በእንግድነት ተቀምጧል፤ በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰቡን ልጆችም አክሟል። እቴጌዋ በ1765 እዚያው ግቢ አረፉ።

ታሪኩ ግን በሞታቸው አላበቃም። በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ወደመ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ ግንቡና አዳራሹ ግን እንደፈረሱ ቀሩ። የእቴጌዋ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ነው የሚባለው አጽም ዛሬም እዚያው በመስታወት ሣጥን ይታያል። ፋሲል ግቢም የራሱን አይቷል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለጥገና ሲሚንቶና ኮንክሪት አስገባበት፤ በ1934 ጎንደር ነፃ ስትወጣ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጎዳው።

ሲሚንቶ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ግድግዳው የጠጣውን ዝናብ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈረካከሰው ያ የእቴጌዋ ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው በኋላ ዩኔስኮና የባህል ሚኒስቴር ባደረጉት ጥገና አብዛኛው ሲሚንቶ ተነሥቶ በኖራ የተተካው። ፋሲል ግቢ በ1972 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም አብሮ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ጥያቄው የኛ ነው። ቁስቋምን እንዳለ ፍርስራሽ እንጠብቀው ወይስ ጣሪያ እንሥራለት? እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የቅርስ ጥገና ቻርተር አንድ መርህ አለው፤ ግምት ከጀመረበት ላይ እድሳት ያቆማል፣ አዲሱ ከአሮጌው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህ ለጎንደር ባዕድ አይደለም። ነገሥታቱ የቀደመውን ሳይነኩ አጠገቡ አዲስ ሲጨምሩ የኖሩበት መንገድ እኮ ይኸው ነው።

ለኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ጎንደር የምትሄዱ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ወደ ፍርስራሹ ጎራ በሉና ግድግዳውን እዩ። ከድንጋዮቹ መሐል ግራጫ ሲሚንቶ ካያችሁ ጠይቁ፤ ቀይ መስቀል ካያችሁ ደግሞ የቋራዋን ልጅ አስታውሱ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቁስቋም ጣሪያ ይሠራለት ወይስ እንዳለ ይጠበቅ? ሐሳባችሁን አካፍሉን።