ለምን የሚለውን ጥያቄ ያልተወው ኬሚስት

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን የምናጨማድደው ለምን ይሆን? ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ከዚያ ጋር ሲገናኝ ያንን ይሰጣል እያልን የቀመር ዝርዝር ስንሸመድድ ስለምናመሽ ነው። ታዲያ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ቢጠይቀንስ? የዛሬው ባለታሪካችን ለዚህች ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው።

ክሪስቶፈር ኢንጎልድ በ1893 በለንደን ከተማ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ስለነበር አየሩ ይስማማው ይሆናል ተብሎ ቤተሰቡ ወደ ዋይት ደሴት ተዛወረ። ይሁን እንጂ ልጁ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው አባትየው ሞተ። ክሪስቶፈር አድጎ በሳውዝሃምፕተን ኮሌጅ ሲገባ ይበልጥ የሚቀናው ፊዚክስ ነበር። ነገር ግን ቦይድ የተባለ መምህር ኬሚስትሪን ያለቀለት ሳይሆን ገና ብዙ የሚመረመር ትምህርት አድርጎ ስላስተማረው ልቡ ወደዚያው አዘነበለ። የአንድ መምህር አቀራረብ የአንድን ሰው ዕድል እንዲህ ይለውጣል!

ኢንጎልድ በ30 ዓመቱ፣ በ1924፣ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ በፊት በ1923 ያገባት ሂልዳ አሸርውድም ራሷ ኬሚስት ነበረችና የምርምር ጽሑፎችን አብረው አሳትመዋል። በ1930 ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲመጣ ኤድዋርድ ሂዩዝ የሚባል ወጣት ተመራማሪም እዚያው ደረሰ። ሂዩዝ የዌልስ ገበሬ ልጅ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ የሁለቱ ሥራ ከዚያ ወዲያ ተነጣጥሎ አልተነገረም።

ምን ሠሩ? ምን ገብቶ ምን ወጣ በሚለው ሳይወሰኑ በመሐሉ ምን እንደሚከናወን መረመሩ። ዋናው መሣሪያቸው የኬሚካላዊውን ለውጥ ፍጥነት መለካት ነበር። ነገሩን በወንበር እንመስለው። አንድ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው የሚቀመጠው በሁለት መንገድ ነው። ወይ አዲሱ መጥቶ ተቀማጩን ገፍቶ ያስነሳዋል፤ ወይ ተቀማጩ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ይሄድና ባዶውን ወንበር አዲሱ ይይዘዋል። በመጀመሪያው መንገድ ፍጥነቱ የሚወሰነው በሁለቱም ብዛት ነው። በሁለተኛው ግን የመጪው ብዛት ለውጥ አያመጣም፤ ተቀማጩ እስኪነሣ መጠበቅ ነዋ! ኢንጎልድና ሂዩዝ የመጀመሪያውን ኤስ ኤን ቱ፣ ሁለተኛውን ኤስ ኤን ዋን አሉት።

በ1935 ሂዩዝና የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ብልህ ሙከራ አደረጉ። በኤስ ኤን ቱ ጊዜ መጪው አቶም ከበስተኋላ ስለሚገባ ሞለኪውሉ ነፋስ እንደመታው ጃንጥላ ይገለበጣል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ግን በየጊዜው መገለበጡ በምን ይታወቃል? ኦክቲል አዮዳይድ የተባለውን ውህድ ወስደው በውስጡ ያለውን አዮዲን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን እንዲለዋወጥ አደረጉ። 100 ሞለኪውሎች ብርሃንን ወደ አንድ ጎን ያዞራሉ እንበል። ከእነዚህ 50ዎቹ አዮዲናቸውን ለውጠው ቢገለበጡ የቀሩትን 50 ያጣፏቸዋል፤ ብርሃኑም ጨርሶ አይዞርም። ስለሆነም ብርሃን የማዞር ኃይሉ የሚጠፋበት ፍጥነት የአዮዲኑ ልውውጥ እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ተለካ፤ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በእያንዳንዱ ልውውጥ ሞለኪውሉ ይገለበጣል ማለት ነው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ኑክሊዮፋይል፣ ኤሌክትሮፋይል እያለ ያመጣቸው አዳዲስ ቃላት ሁሉንም አላስደሰቱም። ከሮበርት ሮቢንሰን ጋርም የኤሌክትሮን ንድፈ ሐሳቡ የማን ነው በሚል ለብዙ ዘመን ተቃቅረዋል። ሮቢንሰን በ1947 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ኢንጎልድ እስከ ዕለተ ሞቱ አላገኘም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከለንደን ወጥቶ በዌልስ አበሪስትዊዝ ከተማ መሥራት ግድ ሆኖበት ነበር። ሥራውን ግን አላቋረጠም። በ1953 ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1956 ከካንና ከፕሬሎግ ጋር ሆኖ የቀኝና የግራ ሞለኪውሎች መሰየሚያ ደንብ አወጣ። ሂዩዝ በ1963 ቀደመው። ኢንጎልድ ደግሞ በ1970 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። የኮሌጁ የኬሚስትሪ ሕንፃ በስሙ ይጠራል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ድንበር እነሱ እንዳሰቡት የጠራ እንዳልሆነ የኋላ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ቢሆንም ዛሬ በየአገሩ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚማር ሰው የኢንጎልድንና የሂዩዝን ቃላት ሳይማር አያልፍም።

እንግዲህ ነገ ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት ስንቆም ቦይድን እናስታውስ። እጁን አውጥቶ ለምን የሚለውን ልጅ፣ ጊዜ የለንም ብለን አናስቀምጠው። መልሱ ባይኖረን እንኳ አብረን እንፈልግ፤ ሂዩዝም የኢንጎልድ የሥራ ጓድ የሆነው አብሮ በመፈለግ ነው። ቸር ይግጠመን!